በአንድ ነጥብ የቀሩት፦ የእንግሊዝ አገር የአሥራ አንድ ዓመት ፈተናና የወላጆች ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ በርእሱ ስለ አንድ ፈተና ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ጉዳይ ግን የወላጅነት ጉዳይ ነው። የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው የሚነሣው ሕግ አውጪዎች፣ ሚኒስትሮች፣ የትምህርት ቤት መሥራቾች፣ እንዲሁም ፈተናውን አልፈው ከፍ ያለ ማዕረግ ላይ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ፈተናውን ለጥቂት ያጡ ልጆችና በዚያች ዕለት ማታ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ የተቀመጡ እናቶችና አባቶች ግን በታሪኩ ኅዳግ ላይ እንኳ ስፍራ አያገኙም። ስፍራ ያጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኀዘናቸው የቤት ውስጥ ኀዘን ነበር፤ የቤት ውስጥ ኀዘን ደግሞ መዝገብ ቤት አይገባም።

ዛሬ የማቀርበው ክርክር ሁለት ነጥቦች አሉት። አንደኛው፣ እነዚህ ልጆች የቀሩበት መስመር የተሠመረው በልጆቹ ችሎታ ልክ ሳይሆን በመቀመጫዎች ቍጥር ልክ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ወላጆች ይህን ሁኔታ ለመቋቋም ያደረጉት ሁሉ፣ ዝምታቸውም ጭምር፣ የሥርዐቱን ዕጣ ፈንታ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ነበር የሚል ነው። ለማሳያ የመረጥሁት የእንግሊዝን አገር ታሪክ ነው፤ በተለይም ከእ.ኤ.አ. 1944 እስከ 1970ዎቹ ያለውን ዘመን። በመጨረሻም ጉዳዩ ወደ እኛ አገር በምን በኩል እንደሚደርስ በአጭሩ አመለክታለሁ።

መስመሩ እንዴት ተሠመረ

በእንግሊዝ አገር ለድኻ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በር የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የወጣው ሕግ የአካባቢ የትምህርት ባለሥልጣናትን አቋቋመ፤ እነዚህም ባለሥልጣናት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንዲያስፋፉ ሥልጣን አገኙ። በ1907 የወጣው ደንብ ደግሞ ከመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቦታዎቻቸው ሩቡን ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚመጡ ልጆች ያለ ክፍያ እንዲሰጡ አዘዘ። ነጻ ቦታ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያች ዓመት ጀምሮ ለጥቂት ቦታ ብዙ ልጆች የሚፈተኑበት ውድድር ተጀመረ ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ግን ነጻውን ቦታ ያጣ ልጅ ሌላ በር ነበረው። ወላጁ ከፋይ ከሆነ ልጁ በዚያው ትምህርት ቤት በክፍያ ሊገባ ይችል ነበር። ስለዚህ በፈተና ለጥቂት መቅረት ለባለጸጋ ቤተሰብ የገንዘብ ጉዳይ ሲሆን፣ ለሠራተኛ ቤተሰብ ግን የመጨረሻ ፍርድ ነበር። ይህንን ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ ለሚመጣው ነገር ሁሉ ቍልፍ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1926 የሃዶ ኮሚቴ ልጆች በአሥራ አንድ ዓመታቸው ገደማ ከመጀመሪያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንዲሸጋገሩ ሐሳብ አቀረበ። በ1938 የስፔንስ፣ በ1943 ደግሞ የኖርዉድ ሪፖርቶች ተከተሉ። የኖርዉድ ሪፖርት ልጆችን በሦስት ዐይነት ከፈላቸው፤ ዕውቀትን ለዕውቀትነቱ የሚወድ፣ ወደ ቴክኒክ የሚያዘነብል፣ እንዲሁም ከሐሳብ ይልቅ ተጨባጭ ነገር የሚቀለው። በአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ የልጅን ዐይነት መለየት ይቻላል የሚለው እምነት በዘመኑ ከነበረው የአእምሮ ችሎታ ልኬት ሳይንስ ድጋፍ ያገኘ ነበር። በዚህ ሳይንስ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሲሪል በርት ነው። በርት ከሞተ በኋላ በ1976 ስለ መንትዮች ያሳተማቸው አኀዞች እውነተኛነት በአደባባይ ተጠይቆ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

የ1944 የትምህርት ሕግ፣ በሚኒስትሩ ስም የበትለር ሕግ የሚባለው፣ ለሁሉም ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ደነገገ። ሕጉ ትምህርት ቤቶች በሦስት ይከፈሉ አላለም፤ እያንዳንዱ ልጅ እንደ ዕድሜው፣ እንደ ችሎታውና እንደ ዝንባሌው ይማር ነው ያለው። አብዛኞቹ የአካባቢ ባለሥልጣናት ግን ይህን ቃል በሦስት ዐይነት ትምህርት ቤት ተረጐሙት፤ ግራመር፣ ቴክኒክና ሞደርን። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች በብዙ ስፍራ ሳይሠሩ ስለ ቀሩ በተግባር ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ። ግራመር ትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ቢሮ ሥራ ያደርስ ነበር፤ ሞደርን ትምህርት ቤት ደግሞ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሱቅና ወደ እጅ ሥራ። ሁለቱን የሚለየው በሕዝብ አፍ ኢለቨን ፕላስ የተባለው የአሥራ አንድ ዓመት ፈተና ነበር።

ለጥቂት መቅረት ምን ማለት ነበር

በአገር ደረጃ ሲታይ ከአምስት ልጆች አንዱ ገደማ ወደ ግራመር ይገባ ነበር። ይህ ግን አማካይ ነው። በአንዳንድ አካባቢ የግራመር ቦታ የሚያገኙት ከመቶ ዐሥር ገደማ ሲሆኑ፣ በሌላው ከመቶ አርባ ያልፉ ነበር። ልዩነቱ የመጣው አባቶች በቀደመው ዘመን በየአካባቢው ስንት ግራመር ትምህርት ቤት ሠርተው እንደ ነበረ ነው። እንግዲህ አንዱ ልጅ በወንዝ ማዶ ቢወለድ ኖሮ የሚያልፍበት ነጥብ በዚህኛው ዳርቻ ያስቀረው ነበር። ወሰኑ በልጁ አእምሮ ውስጥ ሳይሆን በካርታ ላይ ነበር።

የሴቶች ልጆች ሁኔታ ይህን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ ሴቶች በፈተናው ከወንዶች የተሻለ ውጤት ያመጡ ነበር። ውጤቱ እንዳለ ቢወሰድ ኖሮ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት ይገቡ ነበር። በብዙ አካባቢ ግን የወንዶችና የሴቶች ቦታ አስቀድሞ ተወስኖ ስለ ነበር የሁለቱ ጾታዎች ዝርዝር ተለይቶ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህም ወንድሟን የሚያሳልፍ ነጥብ እኅቱን ሊያስቀር ይችል ነበር። በበርሚንግሃም ከተማ ለወንዶች ከሴቶች የበለጠ የግራመር ቦታ መኖሩ ሕገ ወጥ አድልዎ ነው ተብሎ በአገሪቱ ከፍተኛ የዳኝነት አካል የተወሰነው በ1989 ነው። ይህም ከ1944ቱ ሕግ በኋላ 45 ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሱ ነጥብ እንምጣ። አንድ ሺህ ልጆች የሚፈተኑባትን ከተማ በሐሳባችን እንያዝ፤ የግራመር ቦታዎቹም ሁለት መቶ ናቸው እንበል። የአእምሮ ችሎታ መለኪያው እንደ ተለመደው አማካዩ 100፣ የስርጭት መለኪያው 15 ቢሆን፣ የመቁረጫው ነጥብ 113 አጠገብ ይወድቃል። በዚያች ስፍራ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ሃያ የሚያህሉ ልጆች ተደርድረው እናገኛለን። ከመስመሩ በላይ ባለችው ነጥብ ሃያ፣ ከመስመሩ በታች ባለችው ነጥብ ሃያ። ያው ልጅ ያንኑ ፈተና በሌላ ሳምንት ቢወስድ በጥቂት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የማይቀር ስለሆነ፣ እነዚህን አርባ ልጆች በችሎታ የሚለይ መሣሪያ በእርግጥ አልነበረም። ሁለት መቶኛውን ልጅ ከሁለት መቶ አንደኛው የለየው የወንበሩ ማለቅ ብቻ ነበር።

ባለሥልጣናቱ ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። ብዙዎቹ በመስመሩ ዙሪያ የወሰን ክልል አበጅተው፣ በዚያ የወደቁ ልጆችን የመምህራን አስተያየት በማየት፣ ድርሰት በማስጻፍ ወይም በቃል በመጠየቅ ዳግመኛ ይመለከቷቸው ነበር። ይህ ግን መስመሩን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1957 የብሔራዊ የትምህርት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የሆኑት ዬትስና ፒጅን ባወጡት ጥናት፣ በዘመኑ የተሻለ የተባለው የመረጣ ዘዴ ተሠርቶበት እንኳ ከመቶ ዐሥር የሚያህሉ ልጆች ወደማይገባቸው ትምህርት ቤት እንደሚመደቡ ገለጹ። ስሕተቱ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ነበር፤ መግባት የሚገባቸው ይቀራሉ፣ መቅረት የሚገባቸው ይገባሉ። ይህ ስሕተት የሚከማቸው በመስመሩ ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ነጥብ የቀረ ልጅ ወላጅ «ልጄ ተበድሏል» ባለ ጊዜ፣ የእናት አድልዎ ነው ተብሎ የሚናቅ ቃል አልነበረም። በቍጥር የተደገፈ ቃል ነበር።

ወላጆች ምን አደረጉ

የመንግሥቱ ቋንቋና የወላጆች ቋንቋ ከመጀመሪያው የተለያዩ ነበሩ። በመንግሥት ሰነድ ማንም ልጅ አይወድቅም፤ ልጆች ለሚስማማቸው ትምህርት ይመደባሉ እንጂ። ሁሉም ትምህርት ቤቶች በክብር እኩል ናቸው ይባል ነበር። በቤት ውስጥ ግን የነበሩት ቃላት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አለፈ ወይም ወደቀ። ለሚያልፍ ልጅ ብስክሌት እንገዛለን ማለት በዘመኑ ቤተሰቦች ዘንድ እጅግ የተለመደ ቃል ኪዳን ነበር። ለምደባ ሽልማት አይገባም፤ ለድል ነው የሚገባው። ወላጆች ነገሩን በትክክለኛ ስሙ ይጠሩት ነበር ማለት ነው።

ልጁ ለጥቂት ሲቀር ወላጆች የያዟቸው መንገዶች አራት ናቸው ብሎ ማጠቃለል ይቻላል።

የመጀመሪያው የገንዘብ መንገድ ነው። ከ1944 በኋላ በመንግሥት ግራመር ትምህርት ቤት ቦታ በክፍያ ማግኘት አይቻልም ነበር። ቀድሞ በክፍያ ያመልጥ የነበረ መካከለኛ ቤተሰብ አሁን ከሠራተኛው ቤተሰብ ጋር በአንድ መስመር ፊት ቆመ። አቅም ያለው ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ላከ። ሌላው አስቀድሞ አስጠኚ ቀጠረ። ፊሊፕ ቨርነን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1950ዎቹ እንዳሳየው፣ ልምምድና ሥልጠና የአእምሮ ችሎታ መለኪያውን ነጥብ ከፍ ያደርጉ ነበር። ይህ ግኝት ፈተናው የተፈጥሮ ችሎታን ይለካል የሚለውን መሠረት የሚነካ ነበር። አስጠኚ የቀጠረው አባት ሳያውቀው የሥርዐቱን ሳይንስ ይፈትን ነበር።

ሁለተኛው የአቤቱታ መንገድ ነው። የ1944ቱ ሕግ በ76ኛው አንቀጹ፣ የመንግሥትን ወጪ ከልክ በላይ እስካላናረና የማስተማሩን ሥራ እስካላወከ ድረስ፣ ልጆች እንደ ወላጆቻቸው ፈቃድ ይማሩ የሚል መርሕ አስፍሮ ነበር። ወላጆች ይህን ይዘው ለአካባቢው ባለሥልጣን ጻፉ። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የለም የሚል ነበር። ለአቤት ባዩ ይህ መልስ መራራ ቢሆንም ሐቁን የያዘ ነበር፤ ጉዳዩ የቦታ እንጂ የልጅ እንዳልሆነ የሥርዐቱ አስተዳዳሪዎች በራሳቸው ብዕር መሰከሩ።

ሦስተኛው የትዕግሥትና የሁለተኛ ዕድል መንገድ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ልጆች በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ወደ ግራመር ወይም ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊዛወሩ ይችሉ ነበር። የሚዛወሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ውጤት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ጂ.ሲ.ኢ. የተባለው የምስክር ወረቀት ፈተና ተጀመረ፤ ይህም በየትምህርቱ ዐይነት ለየብቻ የሚወሰድ ነበር። ሞደርን ትምህርት ቤቶች የተሻሉ ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ፈተና ያቀርቡ ዘንድ አልተመሠረቱም። ነገር ግን ወላጆችና የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች ተባብረው ልጆቹ ከግዴታው ዕድሜ በላይ እንዲቆዩና እንዲፈተኑ አደረጉ። የግዴታው ዕድሜ ከ1947 ጀምሮ 15 ዓመት ስለ ነበር፣ ልጅን እስከ 16 ማቆየት ለሠራተኛ ቤተሰብ የአንድ ዓመት ደመወዝ መተው ማለት ነበር። ያንን ዋጋ የከፈሉ ቤተሰቦች ልጆች በሺዎች ለፈተናው ቀርበው አለፉ። በአሥራ አንድ ዓመታቸው አይችሉም የተባሉ ልጆች በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የግራመር ተማሪ የሚወስደውን ፈተና ሲያልፉ፣ የመጀመሪያው ፍርድ ስሕተት መሆኑ በምስክር ወረቀት ተረጋገጠ።

አራተኛው የዝምታ መንገድ ነው። ይህን ለመጻፍ የታሪክ ባለሙያው ይቸገራል፤ ምክንያቱም ሰነድ የለውም። ያለን በኋላ ዘመን የተነገረ ትዝታ ነው። በትዝታዎቹ ደጋግሞ የሚመጣው ነገር ወላጆች ስለ ፈተናው ከዚያ ወዲያ አለማንሣታቸው ነው። አንዳንዱ ልጅ ይህን እንደ ርኅራኄ ተቀበለው፤ ሌላው እንደ ኀፍረት ምልክት። አንድ ዝምታ ሁለት ፍቺ ነበረው ማለት ነው፤ የትኛው ፍቺ ወደ ልጁ እንደ ደረሰ የወሰነው ደግሞ ከዝምታው በፊትና በኋላ በዚያ ቤት የነበረው ኑሮ ነው። በተለይ አንዱ ወንድም አልፎ ሌላው በቀረበት ቤት፣ በየማለዳው የሚለበሱት ሁለት ዐይነት የደንብ ልብሶች ስለ ጉዳዩ ያለ ቃል ይናገሩ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማስፈር ይገባል። ሁሉም ወላጅ ግራመርን ተመኘ ማለት አይደለም። ቦታውን አግኝተው እንኳ የደንብ ልብሱን ወጪና ልጁ ዘግይቶ ሥራ መጀመሩን አስበው የተዉ ቤተሰቦች ነበሩ። በ1954 ለመንግሥት የቀረበው ስለ አቋርጦ መውጣት የሚያወሳ ሪፖርት፣ ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ብዙ ልጆች ግራመር ገብተው ሳይጨርሱ እንደሚወጡ አሳይቷል። ብራያን ጃክሰንና ዴኒስ ማርስደን በ1962 ባሳተሙት ስለ ሃደርስፊልድ ከተማ በሚያወሳ ጥናት፣ ከሠራተኛ ቤተሰብ ወጥተው ግራመርን የጨረሱ 88 ሰዎችን አነጋግረው፣ ማለፍ ራሱ ከወላጅና ከሰፈር ጋር ርቀት እንደሚፈጥር ገልጸዋል። ስለዚህ መስመሩ ከታቹ ያሉትን ብቻ አላቈሰለም። ከላዩ ያሉትም የከፈሉት ዋጋ ነበር።

ከቤት ኀዘን ወደ አደባባይ ጥያቄ

አሁን ወደ ክርክሬ ማዕከል ደርሻለሁ። የግራመር ሥርዐት በ1950ዎቹ ጠንካራ መስሎ ይታይ ነበር። ሕጉ የሁለቱም ዋና ዋና ፓርቲዎች ድጋፍ ነበረው፤ ሳይንሱ ነበረው፤ ግራመር ትምህርት ቤቶችም እጅግ የተወደዱ ነበሩ። ታዲያ ምን አናወጠው?

የተለመደው መልስ የሶሺዮሎጂ ጥናቶችን ይጠቅሳል። ፍላውድ፣ ሃልሲና ማርቲን በ1956 ስለ ደቡብ ምዕራብ ሃርትፎርድሺርና ስለ ሚድልዝብራ ባወጡት ጥናት የግራመር ዕድል በመደብ ምን ያህል እንደሚለያይ አሳዩ። ማይክል ያንግ በ1958 «ሜሪቶክራሲ» የሚለውን ቃል ያስተዋወቀበትን የምጸት መጽሐፍ አሳተመ። እነዚህ ሥራዎች ታላቅ ናቸው። ነገር ግን ጥናት ብቻውን የትምህርት ሥርዐት አይለውጥም፤ የሚለውጠው ጥናቱን የራሱ ጉዳይ አድርጎ የሚይዝ ወገን ሲገኝ ነው። ይህ ወገን ልጁ ለጥቂት የቀረበት ወላጅ ነበር።

በቀላሉ እናስላው። ከአምስት ልጆች አንዱ ብቻ የሚያልፍበት ሥርዐት አራት ያዘኑ ቤቶችን ይፈጥራል። ከእነዚህም ልጃቸው ከመስመሩ እጅግ የራቀባቸው ብዙዎቹ ፍርዱን ተቀበሉ። ልጃቸው ከመስመሩ አጠገብ የቀረባቸው ግን አልተቀበሉም፤ መቀበልም አልነበረባቸውም። ከእነርሱም መካከል ደብዳቤ መጻፍ፣ ስብሰባ መጥራትና የምክር ቤት ዕጩን መጠየቅ የሚችሉ የመካከለኛው መደብ ወላጆች ነበሩ። በ1907ቱ ሥርዐት እነዚህ ወላጆች ከፍለው ይገላገሉ ነበር። የ1944ቱ ሕግ የመክፈያውን በር ስለ ዘጋ፣ ከድኻው ወላጅ ጋር በአንድ ጥያቄ ተገናኙ። ፍትሕን ለማስፋት የወጣ ሕግ የራሱን ተቃዋሚ አሰባሰበ ማለት ነው።

ማይክል ያንግ ይህን ከሌሎች ቀድሞ ተረድቶ ነበር ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ አለ። በ1960 በኬምብሪጅ ለወላጆች ስለ ትምህርት ምክር የሚሰጥ ማዕከል አቋቋመ፤ ማዕከሉም ለወላጆች የሚሆን መጽሔት ያሳትም ነበር። በዚያው ዐሥርት ዓመት ወላጆች በየከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል ማኅበር መመሥረት ጀመሩ። «ልጄን ምን ላድርገው?» የሚለው የብቻ ጥያቄ «ልጆቻችንን ለምን እንዲህ እንለያያለን?» ወደሚል የጋራ ጥያቄ ተለወጠ።

በዚህ መካከል የአካባቢ ባለሥልጣናት ሌላ መንገድ መሞከር ጀምረው ነበር። የአንግልሲ ደሴት በ1953 ልጆችን ሳይለይ የሚያስተምር ሁሉን አቀፍ ሥርዐት ዘረጋች፤ በለንደን የኪድብሩክ ትምህርት ቤት በ1954 ተከፈተ፤ የሌስተርሺር አውራጃም በ1957 የራሱን ዕቅድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1965 የትምህርት ሚኒስትሩ አንቶኒ ክሮስላንድ 10/65 በተባለው መመሪያ የአካባቢ ባለሥልጣናት ሁሉ መረጣውን የሚያስቀር ዕቅድ እንዲያቀርቡ ጠየቁ። ለውጡ የአንድ ፓርቲ ብቻ አልነበረም። ከ1970 እስከ 1974 የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር ራሳቸው ግራመር የተማሩና የግራመር ደጋፊ ቢሆኑም፣ በእርሳቸው ዘመን እጅግ ብዙ ሁሉን አቀፍ ትምህርት ቤቶች ጸድቀዋል። የወላጆች ግፊት ከፓርቲ መስመር በላይ እንደ ነበረ ይህ ያሳያል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዛሬም በእንግሊዝ 163 ግራመር ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በኬንት፣ በበኪንግሃምሺርና በሊንከንሺር የአሥራ አንድ ዓመት ፈተና እንደ ቀጠለ ነው። በሌሎቹም አካባቢዎች መረጣው መልኩን ለወጠ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ መልካም ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር የቤት ዋጋ ይንራል። በነጥብ የተሠመረው መስመር በቤት ኪራይና በቤት ሽያጭ ተሠመረ። ከ1944 በፊት የነበረው የገንዘብ በር በሌላ በኩል ተከፈተ ማለት ነው።

ጉዳዩ ወደ እኛ

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለለንደን ፈተና ይቀርቡ ነበር። በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ልጆችን በአዳሪነት የሚቀበልና የእንግሊዝን አሠራር የተከተለ ነበር። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ስለ ወጡ ታላላቅ ሰዎች ብዙ ተጽፏል። በአንድ ነጥብ ቀርተው ወደ ቀያቸው ስለ ተመለሱት ግን የተጻፈ ነገር ማግኘት አዳጋች ነው።

በ1966 ዓ.ም. የሆነውን ግን እናውቃለን። ሴክተር ሪቪው በመባል የታወቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ አብዛኛው ልጅ ለአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ብቻ እንዲያገኝና ወደ ላይ የሚያልፉት በቍጥር የተወሰኑ እንዲሆኑ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ጥናቱን ያዘጋጁት ሊቃውንት ለገጠሩ ልጅ ትምህርትን በስፋት ማዳረስን አስበው ነበር። ወላጆች ግን በሐሳቡ ውስጥ መስመሩን አዩ። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ፣ ሴክተር ሪቪው እንዲቀር ከጠየቁት መካከል ወላጆች ይገኙበት ነበር፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማገድ ተገደደ። የዚያ የካቲት ታሪክ በነዳጅ ዋጋና በሠራዊት ጥያቄ ብቻ ሲተረክ እንሰማለን። በውስጡ ግን ልጁ አራተኛ ክፍል ላይ እንዲቆም ያልፈለገ ወላጅም አለ።

ቅርቡን ዘመን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ ይህም 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። ከመስመሩ በታች ከቀሩት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ሪሚዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ተደረገ። የታሪክ ተማሪ ይህን ሲያይ የእንግሊዞቹን የወሰን ክልል ያስታውሳል። አዲስ መስመር ከአሮጌው በታች ተሠመረ፤ ከአዲሱም መስመር በታች በአንድ ነጥብ የቀሩ አሉ። በእነዚያ ቤቶች የሆነውን የሚመዘግብ ሰው ከእናንተ መካከል ቢገኝ፣ ይህ ንግግር ፍሬ አፈራ እላለሁ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ ማንኛውም የመቁረጫ ነጥብ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ወንበር ነበረ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለተመራማሪ የአሠራር ጥያቄ ነው፤ ለወላጅ ደግሞ ከልጁ ጋር የሚያወራበት እውነተኛ ቃል ነው። «ወንበሩ አለቀ» ማለትና «አልቻልህም» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ለብዙ ልጆች እውነት ነበር።

ሁለተኛ፣ ለቀሩት ማጽናኛ ይሆኑ ዘንድ የተሳካላቸውን ሰዎች ስም መጥራት የተለመደ ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ፕሬስኮት ይጠቀሳሉ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ፈተና ወድቀው፣ በመርከብ አስተናጋጅነት ሠርተው፣ ዘግይተው ተምረው ከ1997 እስከ 2007 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው መነሣት የሥርዐቱን ስሕተት አያነጻም። ስማቸው የማይታወቅ ብዙዎች ባሉበት ቀርተዋልና፣ የታሪክ ጸሐፊ ሚዛን ሁለቱንም መያዝ አለበት።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ኀዘናቸውን የተሸከሙባቸው መንገዶች በውጤታቸው እኩል አልነበሩም። አስጠኚ መቅጠርና የግል ትምህርት ቤት አንድ ልጅ አዳኑ፤ መስመሩን ግን እንዳለ ተዉት። ልጅን አንድ ዓመት አቆይቶ ለፈተና ማቅረብ ልጁን ረዳ፤ የመስመሩንም ስሕተት አጋለጠ። ከጎረቤት ጋር ተሰብስቦ መጠየቅ ለራስ ልጅ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የደረሰ ነበር። በ1960ዎቹ የተሰበሰቡት ወላጆች ለውጡ ሲመጣ ልጆቻቸው ካደጉ ቆይተዋል፤ የተጠቀሙት የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። በአንድ ነጥብ የቀሩት ልጆች ወላጆች ለትምህርት ታሪክ ያበረከቱት ይህን ነው፤ የሚገባቸውን ስፍራ በታሪኩ ውስጥ መስጠት ደግሞ የእኛ የባለሙያዎቹ ፋንታ ነው።